የማሪሴል ባል የሚሄድበት ቦታ

ማሪሴል «ጾም ነኝ» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅኩ።

ወሩ የጾም ወር አልነበረም። ቢሆንም እንኳ እሷ ካቶሊክ ናት፤ እንደኛ ከሥጋና ከወተት ተለይቶ ሳምንታት የሚዘልቅ ጾም አታውቅም። ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር ሽሮዬን ይዤ ስቀመጥ «እናንተ እኮ እግዚአብሔርን በረሃብ አድማ ነው የምታስፈራሩት» እያለች የምትቀልድብኝ እሷው ነበረች። ደግሞም ምሳ ለራሷ ብቻ ይዛ አታውቅም። በትልቅ ሳህን ሩዝ፣ ከአትክልትና ከዶሮ ጋር የተጠበሰ ቀጭን ኑድል ይዛ ትመጣና የምሳ ክፍሉን በሙሉ ታበላ ነበር። እንዲህ ያለችው ሴት ናት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ «ጾም ነኝ» ያለችኝ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ያኔ ማን እንደነበርን ልንገራችሁ። እኔና ማሪሴል ዴንቨር ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም አብረን እንሠራለን። አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር ነው ሥራችን። እኔ ከባለቤቴ ከጌታቸው ጋር ኬንያ ከነበረው የስደተኞች ካምፕ ወጥቼ እዚህ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ እዚሁ ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን በእግርና በባስ ኖርን። ልጃችን ናሆም ከተወለደ በኋላ ወደ ጎረቤት ከተማዋ አውሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ወዳለ አፓርትመንት ተዛወርን። ጌታቸው መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ብዙ የማያወራ፣ ሰው የማያስቀይም ሰው ነው።

ማሪሴልም ከባሏ ከሮዴልና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር እዚያው እኛ ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው። ፊሊፒኖዎች ታላቅ እህታቸውን «አቴ» ይላሉ። እኔንም በዕድሜ ትንሽ ስለምበልጣት «አቴ» ትለኛለች። የኛን «እቴ» ስለሚመስል ስትጠራኝ ደስ ይለኛል።

ሮዴል አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያጓጉዙትን ማሽኖች ይጠግን ነበር። መጋዘኑ ተዘጋና ሠራተኛው ሁሉ ተበተነ። መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎን ነበር። እንዲያውም በዚያ ሰሞን የግቢያችን ሰው ሁሉ ተጠቀመበት፤ የኔን የወጥ ቤት ቧንቧ ጠግኖልኛል፣ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ሠርቷል። ሥራ ግን አልመጣም። ወራት ሲያልፉ መኪናቸውን ሸጡ። ቤት ውስጥ ማሞቂያውን ዝቅ ስላደረጉት ትንሹ ልጃቸው ጃኬቱን እንደለበሰ ነው ካርቱን የሚያየው። ትልቋ ልጅ አንድሪያ በትምህርት ቤቷ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ትነፋ ነበር። መሣሪያው የኪራይ ነውና አንድ ቀን ወስዳ መለሰችው። አባቷ ለምን ሲላት «ሰለቸኝ» አለችው።

ሮዴልም እየተለወጠ መጣ። የሰው በር ማንኳኳት ተወ። ቤተ ክርስቲያን ቀረ። እዚያ አገራቸው ላሉት እናቱ በየወሩ ይልክላቸው የነበረው ስለተቋረጠ፣ እሳቸው ሲደውሉ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ዝም ብሎ ያየዋል እንጂ አያነሳውም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ማሪሴል ናት፤ አንሶላ እያጠፍን፣ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ።

አንድ ማክሰኞ ግን የአንሶላው ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችው። ከዩኒፎርሟ ኪስ አረንጓዴ፣ የሚለጠጥ ፋሻ አወጣች።

«አቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ለኛ ዓይነቱ ሠራተኛ ጥያቄ አልነበረም። ደም ከተቀዳ በኋላ ክንድ ላይ የሚጠመጠም ፋሻ ነው።

«የሮዴል ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። «አንድ አይደለም። ሰማያዊም አለ፣ ብርቱካንማም አለ።»

«ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይሆናላ።»

«ኢንሹራንስ የለው፣ ምን ሐኪም አለው? ትናንት ተኝቶ እያለ እጅጌውን ሰበሰብኩት። ሁለቱም ክንዱ ላይ፣ እዚህ መታጠፊያው ላይ...» ጣቷን የራሷ ክንድ ላይ አሳረፈች። «እኔ ስንት ዓመት ነው የሰው ክንድ ሳይ የኖርኩት? የመርፌ ቦታ ይጠፋኛል?»

መልስ እንድሰጣትም ጊዜ አልሰጠችኝም። ሮዴል በሳምንት ሁለት ጠዋት ከቤት ይወጣል። አንድ ጓደኛዬ ዕቃ ማጓጓዝ ያሠራኛል ነው የሚላት። ሲመለስ ወተት ወይም ዳቦ ይዞ ይገባል፤ ከዚያ ፊቱ አመድ መስሎ ይተኛል። እሷም ልታመሰግነው ብላ ለዚያ ጓደኛው ደወለች። ሰውየው ሮዴልን ካየው ወራት እንዳለፉት ነገራት።

«ከማን ጋር እንደሚውል አላውቅም» አለችኝ። «ምን ዕፅ እንደሚወጋ፣ ለማን ምን እንደሚያመላልስ አላውቅም። አንድሪያም ፋሻውን አይታዋለች። አባቷ ሲገባ ከክፍሏ መውጣት ትታለች። አቴ፣ ካሊፎርኒያ ላለችው እህቴ ደውያለሁ። ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ነግረሽዋል?»

«ቅዳሜ እነግረዋለሁ።»

ሻንጣዎቹን አልጋ ሥር አስገብታ ጨርሳለች። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ የቆረጠ ሰው ነው እንደዚያ የሚናገረው።

«ሐሙስ ሁለታችንም ዕረፍት ነን» አልኳት። «ሐሙስ ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«በቃ፣ በኔ መኪና እንከተለዋለን። ሳታዪ አትፍረጂ። አይተሽ እውነት ከሆነ ቅዳሜ እኔው ራሴ ኤርፖርት አደርስሻለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት የከረመው በረዶ መንገድ ዳር ጠቁሮ ደርቋል። ከባስ ፌርማታው ፊት ለፊት ካለው የገበያ ቦታ ውስጥ መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ። ማሪሴል የጌታቸውን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ስባ አድርጋለች። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። ሮዴል ከግቢው ወጣ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ጃኬቱ ንጹሕ ነው፤ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ነው የሚራመደው። ባስ ላይ ወጣ።

ባስ በመኪና መከተል እንዴት አስቸጋሪ እንደሆነ ሞክራችሁ ካላያችሁ አታውቁትም። በየፌርማታው ሲቆም ከኋላው መቆም አለባችሁ፤ ከኋላችን ያለው ሰው ክላክስ ያደርጋል፤ ማሪሴል «አትቅረቢ፣ አትቅረቢ» ትለኛለች፤ ትንሽ ስርቅ ደግሞ «ጠፋብን» ትላለች። ኮልፋክስ የሚባለው ትልቅ መንገድ ላይ ወረደና ወደ ዴንቨር የሚሄደውን ሌላ ባስ ያዘ። ያ መንገድ የማይሸጥ ነገር የሌለበት መንገድ ነው። በየማዕዘኑ የቆሙትን ሰዎች ባየሁ ቁጥር እዚህ እንዳይወርድ እያልኩ በልቤ እጸልይ ነበር። ማሪሴልም የሷን ጸሎት ትደግም ነበር መሰለኝ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

የወረደው አንድ ረጅም የሱቆች ሕንጻ ፊት ነው። በአንድ በኩል የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ በሌላ በኩል የተዘጋ የጫማ ሱቅ አለ። መሐል ላይ ያለው ቤት መስታወቱ የተሸፈነ ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ሮዴል በሩን ገፍቶ ገባ።

ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሰዎች ማየት ጀመርን። ብርድ ልብስ በትከሻው ያደረገ ሽማግሌ ገባ። የተማሪ ቦርሳ ያነገበ ልጅ ገባ። የፋስት ፉድ ዩኒፎርም የለበሰች ሴትም ገባች።

«ይኸው» አለች ማሪሴል። «ቦታው ይሄ ነው።»

የመኪናውን በር ስትከፍት ክንዷን ያዝኳት። እንደዚያ ሆና እንድትገባ አልፈለግኩም። በዚያው ቅጽበት አንዲት ወጣት ከውስጥ ወጣች። ክንዷ መታጠፊያ ላይ አረንጓዴ ፋሻ ተጠምጥሟል፤ በእጇ ጁስ ይዛለች። እኔ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት ምንድን ነው የሚሠራው?»

ልጅቷ መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፤ ሌላ ሰው የማናግር መስሏት ነው።

«ፕላዝማ ነው» አለችኝ። «ደምሽን ይቀዱና ቢጫውን ውሃ ይለያሉ፣ ቀዩን መልሰው ይሰጡሻል። ከዚያ ይከፍሉሻል። ለመድኃኒት ይሆናል ይላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ መታወቂያ ይዘሽ ግቢ። ቁርስ ደግሞ በደንብ ብዪ፤ እኔ ሳልበላ መጥቼ አንዴ ወድቄያለሁ።»

አመሰገንኳት። ማሪሴልን ለማየት ፈራሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው እጇ እንዳለ ቀርቷል። «ወተቱ...» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ሮዴል ወጣ። የጃኬቱ እጅጌ እንኳ አልተሰበሰበም። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና መሄጃ እንደጠፋው ሰው ቆመ፤ ከዚያ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ፣ የበረዶው ቅሪት አጠገብ ተቀመጠ። ማሪሴል ወርዳ ወደ እሱ ሄደች። እኔ መስኮቱን መዝጋት ይገባኝ ነበር፤ አልዘጋሁም።

ቀና ብሎ ሲያያት አልደነገጠም። ለመደንገጥም አቅም ያስፈልጋል።

«አልተቀበሉኝም» አላት፣ ሲጠብቃት እንደቆየ ሁሉ። «ጣቴን ወግተው መረመሩ፤ ፕሮቲንህ አነሰ አሉኝ። በደንብ በልተህ ሌላ ቀን ተመለስ አሉኝ።» ከዚያ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። «ማሪሴል፣ አሁንስ ደሜም ከሥራ ተባረረ።»

ማሪሴል እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። የጃኬቱን እጅጌ ቀስ አድርጋ ሰበሰበችው፤ የአንድ ክንዱን፣ ከዚያም የሌላውን። በሥራችን የአረጋውያንን ቁስል እንደምናየው አድርጋ አየችው።

«ምንድን ነው የምትበላው?» አለችው።

«እበላለሁ።»

«ሮዴል፣ ምንድን ነው የምትበላው?»

«ሩዝ። እንቁላሉ ለልጆቹ አይበቃም።»

«እኔን ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ምሳሽን እንደማትበዪ ነግረሽኛል?»

እሱ ከየት እንዳወቀ አልጠየቀችውም። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ያንን ቤት አሰብኩት። እናት ጾም ነኝ ትላለች። አባት ሥራ ውዬ መጣሁ ይላል። ልጅት ሙዚቃ ሰለቸኝ ትላለች። ሁሉም የሚዋሸው ለሌላው ብሎ ነው፤ አንዱም ግን ሌላውን ማመን አልቻለም። አንድ ሳምንት ብንዘገይ ኖሮ በዚያ ውሸት የተነሳ ቤቱ ይፈርስ ነበር።

ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን ሥጋ ወጥ አሞቅኩ፣ እንቁላል ጠበስኩ። ሮዴል አንድ ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ቀና ብሎ «የልጆቹስ?» አለ። የልጆቹን በሳህን ለይቼ ከፊቱ አስቀመጥኩለት። ከዚያ በኋላ ነው የበላው። ማሪሴልም አጠገቡ ቁጭ ብላ አብራው በላች።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ማሪሴልና ሮዴል እኔም ቤታቸው አብሬያቸው እንድሆን ለመኑኝ። ሮዴል አንድሪያን አስቀምጦ ሁሉንም ነገራት። አላሳመረውም። ስለ መርፌው፣ ስለ ባሱ፣ ዛሬ አንቀበልህም ተብሎ ስለ መመለሱም ነገራት። ልጅቷ መሬት መሬቱን እያየች ሰማችው። ሲጨርስ ተነሥታ ወደ እሱ መጣች። በነሱ ባህል ልጅ ታላቁን ሲያከብር እጁን ይዞ ግንባሩ ላይ ያስነካዋል፤ እኛ ጉልበት እንደምንስመው ማለት ነው። የአባቷን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው፤ ቶሎም አልለቀቀችውም። «I thought...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። «አውቃለሁ» አላት። ማሪሴል ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ገብታ ሻንጣዎቹን ከአልጋ ሥር ጎትታ መፍታት ጀመረች፤ እኔም ልብሶቹን ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩላት።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ የጎረቤቴን ታሪክ ነገርኳችሁ ማለት ነው። የራሴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዚያው ሐሙስ ጌታቸው ከሥራ ሲገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ጫማውን እያወለቀ ሳለ ሁሉንም ነገርኩት። የአንድ እግሩን ብቻ እንዳወለቀ ቀረ።

«በየትኛው ክንዱ ነው?» አለኝ።

ጥያቄው ገርሞኝ «በሁለቱም» አልኩት።

«አዎ፣ መቀያየር ነው። አንዱ ይደክማል።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። ክንዱ መታጠፊያ ላይ ምስር የምታህል ጠባሳ አለችው። ሃያ ዓመት አብሬው ስተኛ አይቻታለሁ፤ ካምፕ እያለን የተወጋው መርፌ ነው ብዬ ራሴ ደምድሜ፣ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

«ካፒቶል ሂል እያለን ነው» አለ። «የሆቴሉ ሥራ ሲቆም።»

ያን ክረምት አስታወስኩት። ሆቴል ውስጥ ሳህን ያጥብ ነበር። ሥራው ሲቆም ናሆምን እርጉዝ ነበርኩ። በየጠዋቱ በእግሩ ይወጣ ነበር።

«ሥራ ፍለጋ ነበር እኮ የምትሄደው» አልኩት።

«ሥራም እፈልግ ነበር። ይሄንንም አደርግ ነበር።» ወለሉን እያየ ነው የሚያወራው። «ናሆም ሲወለድ የሕፃን የመኪና ወንበር ከሌለ ሕፃኑን ይዛችሁ መውጣት አትችሉም ብለውን፣ አንቺ አለቀስሽ። በማግስቱ ወንበር ይዤ መጣሁ። ጓደኛ ሰጠኝ አልኩሽ።»

«አዎ፤ ስሙን ስጠይቅህ አታውቂውም አልከኝ።»

«ጓደኛ አልነበረም።»

ያንን ወንበር ታውቁታላችሁ? እናንተ እንኳ አታውቁትም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ግራጫ ነው፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ክር አለው። ልጄን አስሬበት ስንት መንገድ ሄጄበታለሁ። ሲያድግም ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ያንን ያህል ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ከምን እንደተሠራ አላውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ማሪሴል ጠዋት የጠየቀችውን ጥያቄ ነበር፣ ቃል በቃል።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ማታ ስገባ እንዴት ዋልክ ትይኛለሽ፤ እግዚአብሔር ይመስገን እልሻለሁ። ውሸት አልነበረም እኮ። ይመስገን ነበር።»

ሌላኛውን ጫማ አወለቀና ሊታጠብ ገባ። እኔ ያለሁበት ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጌታቸው ሮዴልን ሻትሉ ውስጥ አስገብቶ ይዞት ሄደ። ምን እንዳወሩ ሁለቱም እስከ ዛሬ አልነገሩንም። ሮዴል ወዲያው ሥራ አላገኘም፤ ብዙ ወራት ፈጀበት። አሁን ዴንቨር ውስጥ በአንድ ሆቴል የማሞቂያውንና የቧንቧውን ሥራ ይሠራል፤ ደመወዙ የድሮውን አያህልም። ለእናቱ ደውሎ እውነቱን ነገራቸው። «እኔ የሞትክ መስሎኝ ነበር፤ ገንዘቡን ማን ፈለገው» ብለው አለቀሱበት። አንድሪያ ወደ ክላርኔቱ አልተመለሰችም። እናቷ ብትለምናትም እንቢ አለች። አንዳንድ ነገር ቤት ሲቸግረው ይሄዳል፣ ቤት ሲደላው ግን ተመልሶ አይመጣም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ ሰው አገር ተጋብታችሁ፣ ተፈራርቃችሁ ሥራ የምትገቡ፣ በር ላይ ብቻ የምትገናኙ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ድህነት መጀመሪያ የሚወስደው እንጀራን ይመስለኝ ነበር። አይደለም። መጀመሪያ የሚወስደው ወሬን ነው። ሥራ ያጣ አባት እቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ እያለ ከቤቱ ሁሉ የራቀ ሰው ይሆናል። እናንተም አትጠይቁትም፣ እንዳይከፋው። እሱም አይናገርም፣ እንዳይከብዳችሁ። በመከባበር ብዛት ሰው ብቻውን ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለናሆም የነገረው ጌታቸው ራሱ ነው። ልጁ በስልክ ሰምቶ ሲጨርስ «Dad, you should've said something» አለው። ጌታቸውም «የጠየቀኝ አልነበረማ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሰላምታችን ደግ ነው፤ ግን መልሱ ከጥያቄው በፊት የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ አሁን ማታ ጌታቸው ሲገባ ሁለት ጊዜ ነው የምጠይቀው። እንዴት ዋልክ ስለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎኝ አልፎ ወደ ክፍሉ ይገባል። የት ዋልክ ስለው ግን ተመልሶ፣ ወንበር ስቦ፣ ቁጭ ይላል።